ፑንታው የት ይደር? በእጅ ለሚዞር መሰርሰሪያ ዲዛይን የሚገባው መመዘኛ

በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ ያለ ፑንታ ምንም አይሠራም። ጥርሳም ማርሹ ያለ እንቅፋት ቢዞር፣ መዘውሩ ለእጅ ቢመች፣ መንከሻው ቢጠብቅ እንኳ ጫፉ ላይ የሚገባው ቀጭን ብረት ከጠፋ መሣሪያው መደርደሪያ ከማሞቅ ያለፈ ጥቅም የለውም። ነገሩ ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ የእጅ መሣሪያ ዲዛይኖች በምህንድስና ትምህርት ክፍሎች ሲገመገሙ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ከማርሹና ከመዘውሩ አያልፍም። የማርሽ ጥርስ ጭንቀት ይሰላል፤ ዘንጉ በፋይናይት ኤለመንት ይፈተሻል፤ የማምረቻ ወጪው በሠንጠረዥ ይቀርባል። ፑንታው የት እንደሚያድር ግን የሚጠይቅ ብዙም አይገኝም። ቢጠየቅም መልሱ «እጀታው ክፍት ስለሆነ እዚያ ይቀመጣል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋል።

ፑንታን በእጀታ ውስጥ ማኖር ግን ለመሣሪያው የሚጨመር ጌጥ ወይም የሽያጭ ብልሃት ሊሆን አይገባውም። የእጀታውን ውፍረትና ርዝመት፣ የክዳኑን ጥርስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መሣሪያው ለየትኛው ሥራ እንደታሰበ የሚወስነው ይኸው ጥያቄ ነው። በመጨረሻ የሚመለስ ሳይሆን በመጀመሪያ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄም ነው።

ጉዳዩ የሚጎላው ከሥራ ጠረጴዛ ርቆ በሚሠራ ሰው እጅ ላይ ነው። በጣሪያ ላይ ቆርቆሮ የሚያያይዝ፣ በገጠር የፀሐይ ኃይል መሣሪያ የሚተክል፣ ወይም የበርና የመስኮት ማጠፊያ በየቤቱ እየዞረ የሚገጥም ባለሙያ 2.5 ሚ.ሜ. ፑንታው ቢሰበርበትና ምትኩ በእጁ ባይኖር ሥራው ይቆማል። በሙያ ማሠልጠኛ ወርክሾፕም ችግሩ በሌላ መልክ ይመጣል። ሠልጣኞች ሲወጡ መሰርሰሪያው ተቆጥሮ ይገባል፤ በኪስ የገባውና ከመላጊያ ፍርፋሪ ጋር የተጠረገው ፑንታ ግን አይቆጠርም። ዓመቱ ሲያልቅ መሰርሰሪያዎቹ ሙሉ ሆነው ፑንታዎቹ ያልቃሉ። እያንዳንዱ ፑንታ የራሱ ቀዳዳ ቢኖረው ባዶ የሆነው ቀዳዳ በአንድ እይታ ይታይ ነበር።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እስጢፋን ሞርስ ጠመዝማዛውን ፑንታ በአሜሪካ በ1863 እ.ኤ.አ. ካስመዘገበ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት የእጅ መሰርሰሪያ ሠሪዎች ለዚሁ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ሰጥተዋል። አንደኛው የማሳቹሴትሱ የሚለርስ ፎልስ ኩባንያ መንገድ ነው። በመዘውርና በጥርሳም ማርሽ የሚሠራው ታዋቂው ቁጥር 2 መሰርሰሪያው ክፍት የእንጨት እጀታና የሚጠመዘዝ ክዳን ነበረው፤ ፑንታዎቹም በአንድነት እዚያ ውስጥ ይቀመጡ ነበር። ሁለተኛው የፊላደልፊያው የኖርዝ ብራዘርስ መንገድ ነው። «ያንኪ ቁጥር 41» የተባለው መሣሪያ መዘውር የለውም፤ እጀታው ወደ ታች ሲገፋ ጠመዝማዛው ዘንግ ፑንታውን ያዞራል፤ ሲለቀቅ ሞላው ይመልሰዋል። በእጀታው ውስጥ ስምንት ፑንታዎች፣ ከአንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች እስከ አሥራ አንድ ስልሳ አራተኛ ኢንች (ከ1.6 እስከ 4.4 ሚ.ሜ. ገደማ)፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ክፍል ይኖሩ ነበር። ስታንሊ ኩባንያ ኖርዝ ብራዘርስን በ1946 እ.ኤ.አ. ከገዛ በኋላም ይህ የመሣሪያ ዓይነት ለብዙ ዓመታት መመረቱን ቀጥሏል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከላይ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። በመጀመሪያው መንገድ 3 ሚ.ሜ. የሚፈልግ ሰው ክዳኑን ፈትቶ ሁሉንም በመዳፉ ላይ ያፈስሳል፤ አንዱን መርጦ የቀሩትን ይመልሳል። መሰላል ላይ የቆመ ሰው ይህን ለማድረግ ሦስተኛ እጅ ያስፈልገዋል። በተጨማሪም በአንድ ጉድጓድ ውስጥ የተከማቹ ፑንታዎች በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ስለታቸውን እርስ በርስ ያፋጫሉ። በሁለተኛው መንገድ ግን የሚፈለገው ብቻ ይወጣል፤ ሌሎቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም። ስለዚህ «በእጀታ ውስጥ ማስቀመጥ» የሚለው ሐረግ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል፤ አንዱ መያዣ ከረጢት ነው፣ ሌላው ግን ሥርዓት ያለው ማኅደር ነው። ዛሬ በተማሪ ሥዕሎች ላይ «ክፍት እጀታ» ተብሎ የሚቀርበው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከረጢቱ ነው።

ተሰኪ ጫፎችን በእጀታው ውስጥ የሚይዝ ካቻቢቴ በየገበያው ስለሚገኝ ችግሩ የተፈታ የሚመስላቸው አሉ። የካቻቢቴ ጫፍ ግን 25 ሚ.ሜ. ብቻ የሚረዝም፣ ድፍን፣ ወድቆ የማይሰበርና ስድስት ጎን ያለው መቀመጫው በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት የሆነ ቁራጭ ነው። ፑንታ ረጅም ነው፤ ውፍረቱ ይለያያል፤ ቀጭኑ በቀላሉ ይሰበራል፤ ስለቱ ከብረት ጋር ሲጋጭ ይደነዝዛል። በዚህ የተነሳ መፍትሔውን ከካቻቢቴ መገልበጥ አያዋጣም፤ ከእጅ መጠን ተነስቶ ማስላት ያስፈልጋል።

ሙሉ ጉልበት ለሚጠይቅ አያያዝ የአሜሪካ የሙያ ደኅንነትና ጤና ተቋም (ናዮሽ) የእጅ መሣሪያ መምረጫ መመሪያ የሚመክረው የእጀታ ውፍረት ከ32 እስከ 51 ሚ.ሜ. ገደማ ሲሆን፣ ርዝመቱም ከ100 ሚ.ሜ. ባያንስ ይመረጣል። ሰፊ መዳፍ የሌለውንም ተጠቃሚ ለማሰብ ከታችኛው ወሰን ብዙ ሳይርቅ 36 ሚ.ሜ. ውፍረት ይወሰድ። የእጀታው ግድግዳ 4 ሚ.ሜ. ቢሆን በውስጡ 28 ሚ.ሜ. ስፋት ይቀራል። እስከ 6 ሚ.ሜ. ያሉ ፑንታዎች የሚገቡባቸው 6.5 ሚ.ሜ. ቀዳዳዎች በመካከላቸውና በዙሪያቸው 1.5 ሚ.ሜ. ግድግዳ እየተተወ በክብ ቢደረደሩ፣ ማዕከላቸው በ18.4 ሚ.ሜ. ክብ ላይ ያረፈ ሰባት ቀዳዳዎች በትክክል ይገባሉ። በመሐል 9 ሚ.ሜ. ያህል ቦታ ይተርፋል፤ ይህም የክዳኑን ማሰሪያ ዘንግ ወይም አንድ ተጨማሪ ፑንታ ያስተናግዳል።

እዚህ ላይ የብዙዎች ፍርሃት የእጀታው መድከም ነው። ከ36 ሚ.ሜ. ድፍን ክብ ውስጥ 28 ሚ.ሜ. ሲወጣ ከስፋቱ 60 በመቶው ይሄዳል፤ ለመታጠፍ ያለው ጥንካሬ ግን 63 በመቶው ይቀራል፤ ምክንያቱም ጥንካሬውን የሚሸከመው በዋናነት የውጭው ክፍል ነው። በእጅ ግፊት ብቻ ለሚሠራ መሣሪያ ይህ ከበቂ በላይ ነው። የፋይናይት ኤለመንት ሥዕሉ ቀለማት እጀታው ላይ አደጋ አያሳዩም፤ አደጋው ያለው ሥዕሉ በማይደርስበት በክዳኑ ላይ ነው፤ ወደዚያ ኋላ እንመለሳለን።

ፈጣን መለዋወጫ ለማግኘት ሲባል ስድስት ጎን ግንድ ያላቸውን ፑንታዎች መምረጥስ? መንከሻውን መጥበቅና መፍታት ስለሚያስቀር ማራኪ ሐሳብ ነው። የግንዱ ጎን ለጎን ስፋት 6.35 ሚ.ሜ. ሲሆን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ግን 7.3 ሚ.ሜ. ይሆናል። ቀዳዳው 7.5 ሚ.ሜ. ሲሆን በዚያው 28 ሚ.ሜ. ውስጥ የሚገቡት ሰባት ሳይሆኑ አምስት ብቻ ናቸው፤ በመሐል የሚተርፈውም ቦታ ስድስተኛ አይቀበልም። በተጨማሪም የ2 ሚ.ሜ. ፑንታ የ6 ሚ.ሜ. ያህል ቦታ ይወስዳል። ሁለት ፑንታ አጥቶ ጥቂት ሰከንድ ማትረፍ በፋብሪካ መስመር ላይ ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ከጣሪያ ላይ ግን ክስረት ነው።

ርዝመትን በተመለከተ ዲን 338 የተባለው መደበኛ ልኬት የ6 ሚ.ሜ. ፑንታን 93 ሚ.ሜ.፣ የ8 ሚ.ሜ. ፑንታን 117 ሚ.ሜ. ያደርጋል። ፑንታው በጣት እንዲያዝ 10 ሚ.ሜ. ወጣ ብሎ እንዲቀመጥ ቢደረግ፣ የቀዳዳው ወለልና የክዳኑ ውፍረት ሲጨመሩ 6 ሚ.ሜ. የሚጠይቀው እጀታ ከ105 እስከ 110 ሚ.ሜ. ያህል ይሆናል፤ ይህም እጅ ከሚፈልገው ርዝመት ጋር ይስማማል። የ8 ሚ.ሜ. ፑንታ ግን እጀታውን ወደ 130 ሚ.ሜ. ይገፋዋል፤ መሣሪያውም አለመጠን ይረዝማል። በመሆኑም የ6 ሚ.ሜ. ወሰን የዘፈቀደ አይደለም። የእጅ ልክም የፑንታ ልክም የሚገናኙት እዚያ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነ ቀዳዳ በብረት ላይ በእጅ መብሳትም ለማንም ደስ የሚል ሥራ አይደለም።

ለቀጫጭኖቹ ደግሞ ዲን 1897 የሚደነግጋቸው አጫጭር ፑንታዎች ይሻላሉ። የተለመደው የ3 ሚ.ሜ. ፑንታ ጠመዝማዛ ክፍሉ 33 ሚ.ሜ. ሲሆን የአጭሩ 16 ሚ.ሜ. ነው። ከመንከሻው የሚወጣው ክፍል በግማሽ ሲያጥር በጎን ግፊት የሚታጠፍበት መጠን ወደ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል፤ መታጠፍ ከርዝመት ሦስተኛ ኃይል ጋር ስለሚሄድ ነው። መዘውር የሚያዞር እጅ ደግሞ መሣሪያውን በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ያወዛውዛል፤ ቀጭን ፑንታ የሚሰበረውም በዚህ ነው። እርግጥ ነው፣ በ16 ሚ.ሜ. ጠመዝማዛ 25 ሚ.ሜ. የዋንዛ ጣውላ አይበሳም። ስለዚህ ቀጭኖቹ አጭር፣ ወፍራሞቹ ረጅም ይሁኑ፤ በአንድ እጀታ ውስጥ ሁለቱን ልኬት መቀላቀል ለካታሎግ ባይመችም ለሥራው ይመቻል።

ከሁሉ የሚከብደው ምርጫው ነው። ሰባት ቀዳዳ ሲኖር የመጀመሪያው ፈተና ሰባት የተለያየ መጠን መሙላት ነው፤ ከ1 ጀምሮ እስከ 6 በእኩል እርከን ተደርድሮ ሲታይ ያምራልና። መጠኖቹ ግን ከእርከን ሳይሆን ከሥራ መውጣት አለባቸው። የኤም 3 ብሎን ጥርስ ለማውጣት 2.5፣ ለኤም 4 3.3፣ ለኤም 5 4.2፣ ለኤም 6 ደግሞ 5 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ያስፈልጋል። ደስ የሚለው 3.3 ሚ.ሜ. የ3.2 ሚ.ሜ. ሪቬትም የሚገባበት ልክ መሆኑ ነው፤ 2.5 ሚ.ሜ. ደግሞ ለመካከለኛ የእንጨት ብሎን መንገድ ይከፍታል። እንዲህ ሁለት ሥራ የሚሸፍኑ መጠኖች ሲመረጡ 2፣ 2.5፣ 3.3፣ 4.2፣ 5 እና 6 ለቆርቆሮም፣ ለላሜራም፣ ለእንጨትም የሚበቃ ስብስብ ይሆናሉ። እነዚህ ስድስት ናቸው። ሰባተኛው ቀዳዳ ሌላ መጠን ሳይሆን ሁለተኛ የ2.5 ሚ.ሜ. ፑንታ ሊይዝ ይገባል፤ ቀድሞ የሚሰበረውና በብዛት የሚፈለገው እርሱ ነውና። በማስታወቂያ ላይ «ሰባት መጠን» ከ«ስድስት መጠንና አንድ ምትክ» የበለጠ ይስባል። ባለሙያውን ከጣሪያ የማያስወርደው ግን ሁለተኛው ነው።

ቀዳዳዎቹ እኩል ጥልቀት ካላቸው የ38 ሚ.ሜ. አጭር ፑንታ በ83 ሚ.ሜ. ጉድጓድ ውስጥ ይሰምጣል፤ እጀታውን ገልብጦ መነቅነቅ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ይወድቃል። እያንዳንዱ ቀዳዳ ከፑንታው ርዝመት 10 ሚ.ሜ. እንዲያጥር ማድረግ ቀላል ነው። ስፋቱንም ለፑንታው ጥቂት ክፍተት ብቻ በመተው መወሰን ሌላ ጥቅም አለው። 4.2 ሚ.ሜ. ፑንታ በ3.3 ቀዳዳ አይገባም፤ ቀዳዳው ራሱ መለኪያ ይሆናል። የዛገና ቁጥሩ የጠፋ ፑንታን በዓይን መለየት እንዴት እንደሚያስቸግር በወርክሾፕ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ክዳኑ። በመዘውር መሰርሰሪያ ላይ የኋላው እጀታ በአንድ እጅ ተይዞ የሚገፋ ነው፤ መዳፍ የሚያርፈውም በክዳኑ ላይ ነው። ግፊቱ በክዳኑ ጥርስ በኩል እንዲያልፍ መተው ስህተት ነው፤ ክዳኑ በእጀታው ጠርዝ ላይ ተደላድሎ መቀመጥ አለበት፤ ጥርሱ ክዳኑን ከመያዝ ሌላ ሸክም ሊኖረው አይገባም። ይህ በአብዛኛው ይታወቃል። የማይታሰበው የመዞሪያው አቅጣጫ ነው። ከኋላ ሲታይ ፑንታው በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፤ የሚበሳው ነገር ይቃወመዋል፤ መሣሪያው እንዳይሽከረከር የያዘው እጅ ደግሞ ክዳኑንና እጀታውን በሰዓት አቅጣጫ ይጫናል። የተለመደው ቀኝ ጥርስ ያለው ክዳን በዚህ ምክንያት በሥራ ላይ እየጠበቀ ይሄዳል፤ ከሰዓታት በኋላ ላብ ወይም ዘይት የነካው እጅ አይፈታውም። ፑንታው ተቀርቅሮ ወደ ኋላ ሲዞር ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ክዳኑ ይላላል። ፑንታዎቹ የመበተን አደጋ ላይ የሚወድቁት ባለሙያው ሌላ ችግር ይዞ በሚታገልበት በዚያች ቅጽበት ነው።

ቀጭን ጥርስ ያለው ረጅም ክዳን ሁለቱንም ችግር ያባብሳል። የሚሻለው በሩብ ዙር ተቆልፎ በትንሽ ሞላ ወይም በጎማ ቀለበት የሚያዝ፣ መዳፉ የሚያርፍበት የላይኛው ገጽ ግን ከመቆለፊያው ተለይቶ በነፃ የሚዞር ክዳን ነው። እንዲህ ሲሆን እጅ የሚያመጣው ጠመዝማዛ ኃይል ወደ መቆለፊያው አይደርስም። ለዚህ አንድ ተጨማሪ ክፍል ያስፈልጋል፤ ወጪም ይጨምራል። ከማርሹ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ለመቆጠብ ሳምንታት ከማጥፋት ግን ይህን ክፍል ማሰብ ይበልጣል።

ስለ ቁሳቁሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለእጀታ ወይራ ጠንካራና የታወቀ ነው። ነገር ግን በእንጨቱ ርዝመት 83 ሚ.ሜ. ጥልቀት ያለው 6.5 ሚ.ሜ. ቀዳዳ መብሳት፣ ይኸውም የስፋቱን 13 እጥፍ ያህል መዝለቅ፣ ፑንታው የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ከመንገድ እንዲወጣ ያደርገዋል፤ ከሰባቱ አንዱ ጎረቤቱን ሰብሮ መግባቱ አይቀርም። እጀታውን በቶርኖ አውጥቶ ለብቻው የተሠራ የፕላስቲክ ማኅደር ማስገባት ይሻላል። ማኅደሩ ሲቆሽሽ ወጥቶ መራገፍ መቻሉም ሌላ ትርፍ ነው፤ የብረት ፍርፋሪ ከፑንታው ጋር ይገባልና። በክዳኑ ውስጥ ዘይት የነካ ጨርቅ ቢቀመጥ ዝገትን ያዘገያል።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሱ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። የመጀመሪያው ፑንታን በቆርቆሮ ሣጥን መያዝ ይረክሳል፣ ብዙም ይይዛል የሚለው ነው። በሥራ ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ትክክል ነው፤ እጀታ ውስጥ ማኖር ለእርሱ ትርፍ ድካም ነው። ሁለተኛው የበለጠ ይከብዳል፤ በባትሪ የሚሠራ መሰርሰሪያ በየቦታው ባለበት ዘመን የእጅ መሰርሰሪያ ምን ያደርጋል የሚለው። ባትሪ መሙላት በሚቻልበት ቦታ ለአብዛኛው ሥራ መልሱ «ምንም» ነው፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። የእጅ መሰርሰሪያው የሚቀርለት ቦታ ኤሌክትሪክ የማይታመንበት፣ ቀጭን ቀዳዳ በቀስታ የሚበሳበትና ጀማሪ ሠልጣኝ ስለት ብረትን እንዴት እንደሚቆርጥ በእጁ የሚማርበት ነው። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች የባትሪው መሣሪያ ቀርቶ ፑንታውም በቀላሉ የማይተካ ነው፤ የእጀታው ማኅደር ዋጋ የሚኖረውም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ ገምጋሚ ኮሚቴ እንዲህ ያለ ዲዛይን ሲቀርብለት ከጭንቀት ሥዕሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ነው። እነዚህ መጠኖች ለየትኛው ሥራ ተመረጡ? በአንድ እጅ፣ ሌላው እጅ መሰላሉን ይዞ፣ አንድ ፑንታ ሌሎቹ ሳይነኩ መውጣት ይችላልን? ለግማሽ ቀን ከተሠራበት በኋላ ክዳኑ በዘይት እጅ ይፈታልን? ከወገብ ከፍታ በሲሚንቶ ወለል ላይ ቢወድቅ ተዘግቶ ይቆያልን? የትኛውም ጥያቄ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ለመጨረሻው አንድ ናሙና፣ አንድ ወለልና ወድቀው የተበተኑትን ፑንታዎች የሚቆጥር ሰው ይበቃል።